ግንቡን ተዉት፣ ካልሲውን እዩልኝ

ከሁሉ በፊት ስለ ሽንት ቤቱ ልንገራችሁ። አዎ፣ ስለ ሽንት ቤት! በሰሜን እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ በሚባለው ግዛት፣ ነፋስ በማይለየው ኮረብታ ላይ ሃውስስቴድስ የሚባል የሮማውያን ምሽግ አለ። ምሽጉ ተዳፋት ላይ ስለ ተሠራ የደቡብ ምሥራቁ ጥግ ከሌላው ሁሉ ዝቅ ይላል። እዚያ ጥግ ላይ የወታደሮቹ መፀዳጃ ቤት ከነወለሉ፣ ከነቦዩ፣ ከነውኃ ማጠራቀሚያው ቁጭ ብሏል። ጣሪያው የለም፤ የእንጨት መቀመጫዎቹም ከበሰበሱ ስንት ዘመናቸው። የቀረው ግን ተአምር ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳ ሥር ጥልቅ ቦይ ይወርዳል፤ ወታደሮቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ መጋረጃ የለ፣ መለያ የለ፣ የቀኑን ወሬ እየሰለቁ የሚቀመጡት ከዚህ ቦይ በላይ ነበር። መካከለኛው ወለል ላይ ደግሞ ከድንጋይ የተፈለፈለች ጠባብ የውኃ መውረጃ አለች። በእንጨት ጫፍ የታሰረ ስፖንጅ በእሷ ውስጥ ይታጠብ ነበር ይባላል። የስፖንጁን ሥራ ለአንባቢ ትቻለሁ።

ውኃው ከየት መጣ? ኮረብታው ላይ የሚፈስ ውኃ የለም። ያለው ከሰማይ የሚወርደው ነው፤ እሱ ደግሞ፣ እንግሊዝ አገር የኖረ ሁሉ ይመስክር፣ አይጠፋም። ሮማውያኑ ዝናቡን በቦይ እየሰበሰቡ ወደዚያ ዝቅተኛ ጥግ አወረዱት፤ በድንጋይ ገንዳ አጠራቀሙት፤ ከዚያ በመፀዳጃው ሥር ለቀቁትና ቆሻሻውን ጠራርጎ ከምሽጉ ውጭ እንዲጥል አደረጉት። ከገንዳዎቹ አንዱ አጠገብ ተንበርክኬ የድንጋዩን ከንፈር ዳሰስኩት። ቀጥ ማለት የነበረበት ጠርዝ ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል። ልብስ ሲያሹበት ይሁን ስለት ሲስሉበት እንጃ፤ ብቻ የበላው የሰው እጅ ነው፣ ያውም ዕለት ዕለት፣ ለስንት ዓመት! አውራ ጣቴ ጎድጓዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ቀኑን ሙሉ ያን ድንጋይ ስዳስስ ብውል አይሰለቸኝም ነበር።

ኒውካስል የሚኖር የአክስቴ ልጅ አብሮኝ ነበር። እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ከላይ ሆኖ ያየኛል። «ስማ እንጂ ወንድሜ፣ ከተማ ውስጥ ስንት የሚታይ ነገር እያለ በዚህ ብርድ የሰው ሽንት ቤት ልታሳየኝ ነው ያመጣኸኝ?» አለኝ። አዎ! ለዚሁ ነው! አሁን ደግሞ እናንተንም ልወስዳችሁ ነው።

መጀመሪያ ይህ ምሽግ ስላለበት ግንብ ባጭሩ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን በ122 ብሪታንያን ጎበኘ፤ የግዛቱ ዳርቻ በግንብ እንዲታጠርም አዘዘ። ከምሥራቅ ከታይን ወንዝ ተነሥቶ እስከ ምዕራቡ የሶልዌይ ባሕር ሰርጥ ድረስ 117 ኪሎ ሜትር፤ ሠሪዎቹ ሦስት ሌጌዎኖች፣ ሁለተኛው፣ ስድስተኛውና ሃያኛው። ግንቡ፣ ጥቂት ዓመታት ሲቀነሱ፣ ወደ 300 ዓመት ያህል ዘበኛ ቆሞበታል። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ ከ2003 ጀምሮ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስኬድ 135 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ተከፍቶለታል። ይህን ሁሉ ማንም መጽሐፍ ይነግራችኋል። መጽሐፍ የማይነግራችሁ ዳገቱን ነው።

በተለይ ስቲል ሪግ ከሚባለው ቦታ ተነሥታችሁ ወደ ምሥራቅ እስከ ሃውስስቴድስ ያለውን 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራችሁ ሂዱልኝ። መሬቱ ራሱ ግንብ ነው! ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከሥር የመጣ ቅልጥ ድንጋይ በሌሎቹ ድንጋዮች መካከል ሰርጎ ረጋ፤ ዘመን ያለፈበት መሬት ሲሸረሸር ጠንካራው ጥቁር ድንጋይ ብቻ እንደ ተገተረ ቀረ። በደቡብ በኩል ለስለስ ያለ ሣር የለበሰ ተዳፋት፣ በሰሜን በኩል ድንገት ገደል። የሐድሪያን መሐንዲሶች ይህን አፋፍ ሲያዩ ምን ያህል እንደ ፈነደቁ መገመት አያቅትም፤ ግንቡን አፋፉ ጫፍ ላይ አስቀመጡት። እናም ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ጉልበት ይይዛል። አንዱን ጉብታ ጨረስኩ ስትሉ ግንቡ ቀጣዩ ላይ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። ከሥር ክራግ ሎፍ የሚባለው ሐይቅ ገደሉን ታክኮ ተኝቷል። በጎችም አሉ፤ የትም አሉ፤ ሰው ሲያልፍ ቀና እንኳ አይሉም።

ከፍታው? የመንገዱ ጣሪያ የሆነው የዊንሺልድስ ጫፍ 345 ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ኮረብታ ሳይሆን ጉድጓድ ነው። ግን ነፋሱን ቅመሱና እናውጋ። ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ የሚያግደው አንዳች ነገር የለም፤ ከሶርያና ከሰሜን አፍሪካ ለመጣ ዘበኛ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

መንገድ ላይ ሁለት ጉብታዎች መሐል አንድ ሾላ መሰል ትልቅ ዛፍ ብቻውን ቆሞ የነበረበት ቦታ ታልፋላችሁ። ሲካሞር ጋፕ ይባላል። በ1991 በወጣው የሮቢን ሁድ ፊልም ላይ ስለ ታየ ዓለም ያውቀው ነበር። በ2023 ሴፕቴምበር ወር መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ሁለት ሰዎች በመጋዝ ጣሉት፤ ሲወድቅ ግንቡንም ጎዳ። ፍርድ ቤት በ2025 እያንዳንዳቸውን አራት ዓመት ከሦስት ወር ፈረደባቸው። ጉቶው አቆጥቁጧል። ብዙዎች እዚህ ቆመው ያለቅሳሉ፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከዛፉ ይልቅ ልቤን የወሰደው ትንሽ አልፎ ያለው በር ነው።

በሩ! ይህን ስሙልኝ። ሮማውያን ግንቡን ሲነድፉ በየሮማ ማይሉ፣ ማለትም በየ1,480 ሜትር ገደማ፣ አንዲት ትንሽ ምሽግ፣ በሁለት ምሽጎች መካከል ደግሞ ሁለት ማማ ይሁን ብለው ወሰኑ። እያንዳንዷ ትንሽ ምሽግ አንድ በር ወደ ደቡብ፣ አንድ በር ወደ ሰሜን ይኑራት አሉ። ጥሩ። ሜዳ ላይ ይህ ያስኬዳል። ግን ከሃውስስቴድስ በስተ ምዕራብ ያለችው 37ኛዋ የወደቀችው አፋፉ ጫፍ ላይ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? በሩን ሠሩ! ወደ ሰሜን የሚከፈት፣ ግሩም ድንጋይ የተጠረበለት፣ የቅስቱ ጅማሬ ዛሬም የሚታይ ሰፊ በር፣ ከፊቱ ቁልቁል የሚያስፈነጥር ገደል። ጋሪ ቀርቶ ፍየልም አትወጣበትም። ቦታውን ያየ ማንም የመቶ አለቃ «ጌታዬ፣ እዚህ በር ምን ይሠራል?» ማለት ነበረበት። ወይ አላለም፣ ወይ ብሎ «ፕላኑ ላይ አለ፣ ሥራ!» ተብሏል። መሥሪያ ቤት ገብቶ በማያስፈልግ ቅጽ የተንገላታ ሁሉ ይህን በር ሲያይ ወዳጁን ያገኘ ይመስለዋል።

ፕላኑም ቢሆን ይለዋወጥ ነበር። መሠረቱን መጀመሪያ ሦስት ሜትር ለሚያህል ወፍራም ግንብ ዘረጉት፤ መሐል ላይ ትእዛዝ ተቀየረና በሰፊው መሠረት ላይ ቀጠን ያለ ግንብ አቆሙበት። በየቦታው መሠረቱ ከግንቡ ወጣ ብሎ ይታያል። በጀት አጠረ? ጊዜ አነሰ? የሥራ መሪ ተቀየረ? መልሱ ጠፍቷል፤ የተቀየረው ሐሳብ ግን እዚያው ድንጋይ ሆኖ አለ።

ከሁሉ የሚያስደስተው ሮም የተረታችበት ቦታ ነው። ከቼስተርስ ምሽግ ወደ ምዕራብ ስትጓዙ ላይምስቶን ኮርነር የሚባል ቦታ አለ። ከግንቡ በስተ ሰሜን የመከላከያ ቦይ ይቆፈር ነበር፤ እዚህ ግን ቦዩ ከዚያ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ጋር ተገናኘ። ቆፋሪዎቹ ታገሉ። ግዙፍ ግዙፍ ቋጥኞች ፈነቀሉና ጥቂቶቹን ወደ ዳር አወጡ። ከዚያ፣ አንድ ቀን፣ ተዉት። በቃ! ቦዩ መሐል እስከ ዛሬ ያልወጣ ቋጥኝ ቁጭ ብሏል፤ ጀርባው ላይ በተርታ የተበሱ የሽብልቅ ቀዳዳዎች አሉበት። ቀዳዳ ተበስቷል፣ ሽብልቁ ገብቶ ግን አልተመታም፣ ወይም ተመትቶ እምቢ ብሏል። ጣቴን ሰደድኩበት፤ ግድግዳው ላይ የመሮው ጭረት አለ። የሆነ ሰው መዶሻውን ጥሎ «ከዚህ በላይስ አልችልም» ያለበት ሰዓት እንዲህ ተጽፎ ሲቀር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የድል ሐውልትማ የትም ሞልቷል።

አሁን ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ወደ ቪንዶላንዳ እንሂድ።

ቪንዶላንዳ ግንቡ ላይ አይደለም። ከግንቡ ወደ ደቡብ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ግንቡ ከመኖሩ ከ35 ዓመት ገደማ በፊት የተመሠረተ ምሽግ ነው። አንዱ ሠራዊት ለቆ ሌላው ሲመጣ የድሮውን የእንጨት ምሽግ አፍርሶ፣ በጭቃና በሣር ጓል አፍኖ፣ አዲሱን ከላይ ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ ዘጠኝ ምሽግ። እርጥበት ያለው የታፈነ አፈር አየር አያስገባም፤ አየር ከሌለ የሚያበሰብሰው ተሕዋስ አይኖርም። ስለዚህ ሌላ ቦታ አፈር የሚሆነው ሁሉ እዚህ ሳይነካ ይወጣል፤ ቆዳ፣ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ገመድ። ከ5,000 በላይ ጫማ ወጥቷል! ሙዚየሙ ውስጥ ተደርድሯል፤ የወታደር ቡትስ፣ የሴት ሰንደል፣ የሕፃን ጫማ። የሕፃኗ (ወይም የሕፃኑ) ጫማ መዳፌን አትሞላም፤ ከላይ እንደ መረብ ተበስታ ተጊጣለች። ወታደር ብቻ የሚኖርበት ሰፈር ነው ያሉን ሰዎች ይህችን ጫማ ይመልሱልን። በ2017 ደግሞ ሁለት የቦክስ ጓንቶች ተገኙ። የቦክስ ጓንት! ቆዳው የጉልበተኛውን ጉልጥምት ቅርጽ እንደ ያዘ።

ይህ ሁሉ ግን ከጽሑፎቹ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። በ1973 አርኪዮሎጂስቱ ሮቢን በርሊ ከጭቃው ውስጥ ሁለት የተጣበቁ የእንጨት ፍቅፋቂ የሚመስሉ ነገሮች አወጣ። ሲላቀቁ ውስጣቸው የቀለም ጽሕፈት! ብርሃን ሲነካው ቀለሙ ደበዘዘ፤ ኋላ በኢንፍራሬድ ፎቶግራፍ ተመልሶ ታየ። እንደ ወረቀት ስስ ሆነው የተፋቁ፣ የፖስታ ካርድ የሚያህሉ ቅጠል እንጨቶች፤ በብዕርና በቀለም የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ሒሳቦች፣ የሰው ኃይል ዝርዝሮች። ከዚያ ወዲህ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ወጥተዋል። ሊቃውንቱ እንደሚገምቱት ከመካከላቸው ብዙዎቹ በ105 ገደማ ዘጠነኛው የባታቪያውያን ሻለቃ ሰፈሩን ሲለቅ ሊቃጠሉ እሳት የተለቀቀባቸው ነበሩ፤ እሳቱ ሳይጨርሳቸው ጠፋ። ዝናብ ይሆናል ያጠፋው። ያን የኖርዘምበርላንድ ዝናብ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰድቤው አላውቅም።

ምን ተጽፎባቸዋል? ስለ ጀግንነት? ስለ ቄሣር ክብር? ኧረ የለም! አንደኛው፣ ለሰው ይላክ የነበረ ዕቃ ይዘረዝራል፤ ካልሲ፣ ሁለት ጥንድ ሰንደልና ሁለት የውስጥ ሱሪ። ከአገር ቤት ሰው ሲመጣ በሻንጣ ተጠቅጥቆ የሚላክልንን በርበሬና ሽሮ አስታወሰኝ፤ አንድ ሰው ሩቅ ሆኖ ስለ ሌላ ሰው እግር ብርድ ተጨንቋል። ላኪው ማን እንደ ሆነ ስሙ ጠፍቷል፤ ካልሲው ግን 1,900 ዓመት ተሻግሮ መጣ። ሌላው፣ ማስክሉስ የሚባል የፈረሰኛ አለቃ፣ ለአዛዡ ለፍላቪዩስ ኬሪያሊስ የነገ ትእዛዝ ምን እንደ ሆነ በአክብሮት ይጠይቅና መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ቢራ እንዳለቀባቸው፣ እንዲላክላቸውም ያሳስባል። ደብዳቤው የተጻፈው ለትእዛዙ ነው ወይስ ለቢራው? እኔ የራሴ ግምት አለኝ። ኦክታቪዩስ የሚባል ነጋዴ ደግሞ ገንዘብ ካልተላከለት ቀብዱ እንደሚቀርበት፣ ቆዳውንም ሄዶ ያላመጣው መንገዱ ብልሹ ስለ ሆነ እንደ ሆነ ያመካኛል። የሮም መንገድ ብልሹ! እኛ ደግሞ የሮማውያን መንገድ ግሩም ነው እየተባልን ነው ያደግነው።

አንዱ ሰነድ ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። የመጀመሪያው የቱንግሪያውያን ሻለቃ የሰው ኃይል መቁጠሪያ ነው፤ ሜይ 18 ተብሎ ቀኑ ተጽፎበታል። በደንቡ 752 ሰው አለ። ከእነሱ 456ቱ ቦታው ላይ የሉም! 337ቱ ኮሪያ በምትባለው፣ የዛሬዋ ኮርብሪጅ፣ አንዱ የመቶ አለቃ ለንደን፣ ሌሎቹ እዚህም እዚያም። የቀሩት 296። ከእነሱ ደግሞ 15 በሽተኛ፣ 6 ቁስለኛ፣ 10 ዓይን የታመመ። ለሥራ ብቁ የሆነው 265። ታላቁ የሮም ጦር ሲባል አንዱ ክንፉ በእውነቱ ይህ ነበር፤ ከግማሹ በላይ በተልእኮ የተበተነ፣ አሥሩ ዓይኑን የሚያሽ። ዓይኑን የታመመው ወታደር በጭሳማው ሰፈር ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ ይታየኛል፤ ከዚህ ወዲያ የሮም ሠራዊት በፊልም ሲሰለፍ ባየሁ ቁጥር ያን አሥር ሰው እፈልጋለሁ።

የመጨረሻው፣ ሴቶቹ። ክላውዲያ ሴቬራ የሌላ ምሽግ አዛዥ ሚስት ነች፤ ለወዳጇ ለሱልፒኪያ ሌፒዲና፣ ለኬሪያሊስ ሚስት፣ በ100 ዓ.ም. ገደማ የልደት ጥሪ ትልካለች። ዋናውን ጽሑፍ ጸሐፊ ጽፎላታል፤ መጨረሻው ላይ ግን በራሷ እጅ፣ ተጣሞ ተጣሞ በወጣ ፊደል፣ እህቴ እያለች እንድትመጣላት የምትናፍቅበትን ጥቂት መስመር ጨምራለች። ሴት በእጇ የጻፈችው ከሚታወቁት የላቲን ጽሑፎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። ዋናው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ልደቷ መቼ መሰላችሁ? ሴፕቴምበር 11! ዛሬ እንቁጣጣሽ የሚውልበት ቀን! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይህ ነው። (በዚያ ዘመን በዩልዮስ አቆጣጠር የእኛ መስከረም 1 የሚገጥመው ኦገስት 29 ላይ እንደ ሆነ አውቃለሁ። ደስታዬን አታበላሹብኝ።)

የአክስቴ ልጅ እዚህ ላይ ነው ዝም ያለው። ከጥሪው ቅጂ ፊት ቆሞ ቆየና «ሌፒዲና ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን የሚነግር ቅጠል እንጨት እስካሁን አልወጣም። በየበጋው ግን ይቆፈራል፤ በጎ ፈቃደኞች ከየአገሩ መጥተው ጭቃ ውስጥ ይንበረከካሉ፤ ከሰፈሩ አብዛኛው ገና አልተነካም። «እንግዲህ ይፈልጉልን» አለ፣ ያ ለሽንት ቤት አመጣኸኝ ብሎ ሲያጉረመርም የነበረ ሰውዬ!

አሁን ደግሞ ለእኛ ቀረብ የሚለውን። ግንቡን ሮማውያን ጠበቁት ስንል ከሮም የመጣ ሰው አይምሰላችሁ። ቱንግሪያውያኑ ከዛሬዋ ቤልጅየም፣ ባታቪያውያኑ ከኔዘርላንድስ፣ ቼስተርስ የነበሩት ፈረሰኞች ከስፔን አስቱሪያስ፣ ካርቮራን የነበሩት ቀስተኞች ከሶርያ ሐማ። አፍሪካውያንም ነበሩ። ከካርላይል ከተማ አልፎ፣ ኮረብታው አልቆ መሬቱ ሜዳ በሚሆንበት፣ ብራፍ ባይ ሳንድስ የምትባል መንደር አለች፤ በ1934 አጠገቧ በተገኘ የተቀረጸ ድንጋይ መሠረት በ250ዎቹ እዚያ የሰፈረው ከሰሜን አፍሪካ የመጣ የሙሮች ጦር ነበር። እንግሊዝ ውስጥ የአፍሪካውያን ማኅበረሰብ መቼ ተጀመረ ለሚል ክርክር መነሻው ከዚህ መንደር ነው።

ከዚያም በላይ አለ። ንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሚዩስ ሴቬሩስ፣ የዛሬዋ ሊቢያ በምትባለው አገር ሌፕቲስ ማግና የተወለደው አፍሪካዊ ቄሣር፣ በ208 ስኮትላንድን ሊወጋ መጣ። ስለ እሱ በተጻፈ የጥንት የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ የሚል ወሬ አለ፤ ቄሣሩ ግንቡን ጎብኝቶ ሲመለስ መልካም ገድ እየተመኘ ሳለ አንድ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር፣ በሠራዊቱ ዘንድ በቀልዱ የታወቀ፣ የጥድ ቅጠል አክሊል ይዞ ብቅ ይልበታል። በሮማውያን ዘንድ ያ ቅጠል የሐዘን ነው። ቄሣሩ ደነገጠ፣ ተቆጣ፣ ከፊቴ ውሰዱልኝ አለ። ወታደሩ ግን ቀልዱን አልተወም፤ ሁሉን ድል አድርገሃልና የቀረህ አምላክ መሆን ብቻ ነው ብሎ አሾፈበት። ቄሣሮች አምላክ የሚባሉት ሲሞቱ ነው! ሴቬሩስ በፌብሩዋሪ 211 ዮርክ ከተማ ሞተ። መጽሐፉ ጨምሮ ቀባጣሪ ስለ ሆነ የታሪክ ሰዎች በጥንቃቄ ነው የሚያነቡት፤ ሮማውያንም ኢትዮጵያዊ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን ጥቁር ሰው ሁሉ ማለታቸው ነው። ይሁን። እኔ ግን ያን ሰው አፋፉ ላይ ነፋስ ሲመታኝ አሰብኩት። የዓለም ጌታ ፊት ቆሞ፣ በዚያ ብርድ፣ በቅኔ የሚወጋ ወታደር! ሰሙ ውዳሴ፣ ወርቁ ሞት። ከየትም ይምጣ፣ ዘመዴ ነው።

የሶርያዊው ባራቴስም ነገር አለ። በግንቡ ምሥራቃዊ ጫፍ አቅራቢያ ሳውዝ ሺልድስ ውስጥ ለሚስቱ ለሬጂና ያቆመላት የመቃብር ድንጋይ ይታያል። እሱ ከፓልሚራ፣ እሷ ከደቡብ እንግሊዝ ጎሣ ተወላጅ፤ ባሪያው ነበረች፣ ነፃ አወጣት፣ አገባት፣ በ30 ዓመቷ ሞተችበት። ወጉ የሚፈልገውን በላቲን ካስጻፈ በኋላ ከሥር በገዛ አገሩ ቋንቋ፣ የግዕዝ የሩቅ ዘመድ በሆነው አራማይክ፣ አንዲት መስመር አስጨመረ። በዚያ አገር ያን ፊደል ማንበብ የሚችል ስንት ሰው ይኖር ኖሯል? የላቲኑ ፊደል ተንጋዷል፤ የአራማይኩ ቀጥ ብሎ ያምራል።

ድንጋዩስ የት ሄደ? ግንቡ በብዙ ቦታ ከጉልበት አያልፍም፤ በብዙ ቦታም ጭራሹን የለም። የአካባቢው ሰው ለበረት፣ ለቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን ጫነው። በ1750ዎቹ መንግሥት ለጦር ማጓጓዣ መንገድ ሲሠራ ግንቡን ለብዙ ኪሎ ሜትር አፍርሶ ከሥር አነጠፈው፤ ዛሬ መኪና ይሄድበታል። ያተረፈልን ጆን ክሌይተን የሚባል የኒውካስል ከተማ ሹም ነው፤ በ1800ዎቹ ግንቡ ያለባቸውን እርሻዎች አንድ በአንድ ገዝቶ ሠራተኞቹን አሰማርቶ የወደቀውን መልሶ አስካበ። ስለዚህ ኮረብታው ላይ የምታዩት ውብ ግንብ ግማሹ የክሌይተን ሠራተኞች እጅ መሆኑን እወቁት። አልቀየመውም።

ሄክሳም ከተማ ግን ግቡ፤ በምንም ምክንያት እንዳትዘሉት። የዋናው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በ670ዎቹ በሮማውያን ድንጋይ የተሠራ ነው። በጠባቡ ደረጃ ወርዳችሁ ስትደርሱ የሴቬሩስና የልጆቹ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ታገኛላችሁ። አንዱ ስም ተፍቋል፤ ጌታ የሚባለው ልጁ። ወንድሙ ካራካላ አባታቸው በሞተ ዓመቱ ላይ አስገደለውና ስሙ ከግዛቱ ድንጋይ ሁሉ እንዲፋቅ አዘዘ። ትእዛዙ ከሮም እስከዚህ ዳርቻ ደርሶ አንድ ሰው መሮ ይዞ መሰላል ላይ ወጥቷል ማለት ነው! ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ ፍላቪኑስ የሚባል የ25 ዓመት ፈረሰኛ፣ ሰባት ዓመት ያገለገለ አርማ ያዥ፣ መቃብር ድንጋዩ ላይ ፈረሱን እየጋለበ ታገኙታላችሁ።

እንግዲህ እንዴት እንደምትሄዱ። ከኒውካስል ወደ ካርላይል የሚሄደውን ባቡር ያዙና ሄክሳም ወይም ሃልትዊስል ውረዱ። ከዚያ ግንቡን ተከትሎ የሚመላለሰው አውቶቡስ አለ፤ በበጋው ወራት ነው በደንብ የሚሠራው፤ መለያው «ኤ.ዲ. 122» ነው፣ ቀልዱ ገብቷችኋል። ውኃ የማያስገባ ጫማና የነፋስ ጃኬት ግድ ነው። ግንቡ ላይ አትውጡ፣ ድንጋዩ ይላላል። ለቪንዶላንዳ ሙሉ ቀን ስጡት፤ ግማሽ ቀን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ትናንት ማታ ደወለልኝ፤ ቀጣዩ በርዶስዋልድ ነው ይላል፤ ሮም ከሄደች በኋላ በድሮው ጎተራ ፍርስራሽ ላይ ሰዎች ትልቅ የእንጨት አዳራሽ ሠርተው ኑሯቸውን የቀጠሉበት ምሽግ። የባቡር ትኬቱን እሱ ይቆርጣል፣ ሳንድዊቹ የእኔ ነው።